ሄንሪ ናውወንና አዳም አርኔት

ሄንሪ ናውወን (እ.ኤ.አ. 1932–1996) ትውልዱ ሆላንድ የሆነ የካቶሊክ ቄስና በብዙ ወንጌላውያን ዘንድ ጭምር የሚነበብ ጸሐፊ ነው። በዬልና በሃርቫርድ ካስተማረ በኋላ በ1986 በካናዳ፣ ቶሮንቶ አጠገብ ወዳለው ዴይብሬክ ገባ። ዴይብሬክ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ከረዳቶቻቸው ጋር እንደ ቤተሰብ የሚኖሩበት የላርሽ ማኅበር ነው።

እዚያ አዳም አርኔት የሚባል ወጣት እንዲንከባከብ ተመደበ። አዳም መናገር አይችልም፤ ያለ ድጋፍ አይራመድም፤ የሚጥል በሽታም ነበረበት። ማንቃት፣ ማጠብ፣ ጢሙን መላጨት፣ ማልበስ፣ ቁርስ ሲበላ አጠገቡ መቀመጥ በየማለዳው ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ፕሮፌሰሩ መጀመሪያ ፈርቶ ነበር። ሌሎቹ ረዳቶች ናቸው ያስተማሩት። አንድ ጠዋት ሌላ ሥራ ስላለው ሲያጣድፈው አዳምን በሽታው ጣለው። ናውወን ይህን «ቀስ በል» እንደ መባል ቆጠረው። በቃል የማይናገር ሰው በሰውነቱ ይናገራል፤ የሚሰማው ግን ያልቸኮለ ብቻ ነው።

እኛስ? እንዲህ ያለ ልጅ ያላት እናት ወደ አጥቢያችን ስትመጣ ብዙ ጊዜ እጅ ጭነን ጸልየን እንሸኛታለን። መጸለዩ መልካም ነው። ነገር ግን ልጁ ሲርበው ምን እንደሚያሳይ፣ ሲያመው ፊቱ እንዴት እንደሚሆን የምታውቀው እርሷ ናት። ለሁለት ሰዓት ተክቷት ሊያሳርፋት የሚወድ ወንድም ወይም እኅት አስቀድሞ አጠገቧ ተቀምጦ ይህን ከእርሷ መማር አለበት።

አዳም በ1996 በ34 ዓመቱ አረፈ። ናውወን ስለ እርሱ መጽሐፍ መጻፍ ጀምሮ ሳለ ከሰባት ወር በኋላ ተከተለው፤ መጽሐፉ በ1997 ታተመ።