የውይይት ጣሪያ

በሀገራችን የታሪክ መጻሕፍት ውስጥ አውቶሞቢል የሚጠቀሰው፣ በአብዛኛው፣ ማን ተቀምጦበት እንደ ሄደ ለመናገር ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የወጡባትን ትንሽ ቮልስዋገን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። አንድ ዘመን በአንዲት መኪና የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያልፍ አየን፤ አነበብን፤ ለልጆቻችንም ነገርን። ሕዝቡ ራሱ በዚያ ዘመን በምን ይሄድ እንደ ነበር ግን የጻፈልን ጥቂት ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ የማነሣው የሕዝቡን መኪና፣ ያውም ከመኪናው አንዱን ክፍል ብቻ ነው፤ በፒክአፕ ካሶኒ ላይ የሚደፋውን ጣሪያ።

የአዲስ አበባ ሰው «ውይይት» የሚለውን ታክሲ ያስታውሳል። ከላይ ነጭ፣ ከታች ሰማያዊ የተቀባ፣ ለዕቃ መጫኛ የተሠራ ፒክአፕ ነበረ። ካሶኒው ላይ የብረት ቋሚ ይበየድለታል፤ ቋሚው ላሜራ ይለብሳል፤ በግራና በቀኝ አግዳሚ ወንበር ይገባል፤ በስተኋላ መግቢያና መርገጫ ይበጅለታል። ተሳፋሪው ጎንበስ ብሎ ይገባና ከማያውቀው ሰው ጋር ጉልበት ለጉልበት ተጋጥሞ፣ ፊት ለፊት እየተያየ ይቀመጣል። ከዚያ በፊት ሕዝቡ የለመዳት ሰይቼንቶ፣ ማለት ፊያት 600፣ ተሳፋሪውን ሁሉ ወደ ፊት አስመልክታ የምትሄድ ነበረች። ሰውን ከሰው ያፋጠጠው ውይይት ነው። በጣሊያን ፋብሪካም ሆነ በጃፓን ፋብሪካ እንዲህ ያለ መኪና አልተሠራም፤ የእኛ ባትላሜራዎች፣ የእኛ በያጆች ሥራ ነው።

ስሙን ያወጣለት ሕዝቡ ነው። ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው መወያየቱ አይቀርምና ስሙ ተስማሚ ነበረ። ነገር ግን ቃሉ በዚያን ጊዜ ተራ ቃል አልነበረም። በ1968 ዓ.ም. በየቀበሌው፣ በየመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ተቋቁሞ ነበር፤ በአዲስ ዘመን ጋዜጣም «አብዮታዊ መድረክ» በተባለው ዓምድ የጊዜው ተራማጆች በብዕር ስም ይከራከሩ ነበር። አገሩ ሁሉ ሊወያይ የተነሣ መስሎ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ክርክሩ ከጋዜጣ ወደ ጥይት ተዛወረ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር በታወጀባት ከተማ፣ ሬሳ በየመንገዱ ዳር መፈክር ተለጥፎበት በሚያድርበት ጊዜ፣ «ውይይት» የተባለ ታክሲ ሰዎችን ፊት ለፊት አስቀምጦ ይሄድ ነበር። የቋንቋችን ምፀት ከዚህ በላይ አይሄድም።

ታክሲና አብዮት በሀገራችን የተገናኙት በዚህ ብቻ አይደለም። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የታክሲ ነጂዎች የቤንዚን ዋጋ መናርን ተቃውመው ሥራ ባቆሙ ጊዜ፣ መምህራንም በበኩላቸው አድማ መትተው ነበር፤ የአብዮቱ የመጀመሪያ ቀናት የሚቆጠሩት ከዚያ ነው። መሪ ጨብጦ የሚያድር ሰው ለአብዮቱ መጀመሪያ ድርሻ ነበረው፤ አብዮቱ ግን ብዙ አላስታወሰውም።

አሁን ወደምኖርበት ልምጣ። ሲታክ ስሟን ከሲያትልና ከታኮማ ቀንጭባ የወሰደች፣ በአውሮፕላን ማረፊያው ዙሪያ ያደገች፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ራሷን የቻለች ትንሽ ከተማ ናት። ካለፈው ዓመት መከር ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ የአንድ አባት ፒክአፕ ካኖፒ እጠግናለሁ። ካኖፒ በካሶኒው ላይ የሚደፋው ጣሪያ ነው፤ በሌላው የአሜሪካ ክፍል ሌላ ሌላ ስም አለው፤ በዚህ በሰሜን ምዕራብ ግን ካኖፒ ይሉታል። መኪናው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠራ ቶዮታ ሲሆን፣ የራሱ ታሪክ አለው። አሜሪካ ከአውሮፓ ጋር በዶሮ ሥጋ ንግድ ተጣልታ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ከውጭ በሚገቡ ቀላል የጭነት መኪናዎች ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ጣለች። ጃፓኖች ለዚህ መላ አበጁ፤ ካሶኒ የሌለው ሻንሲና ጋቢና የሚከፍለው ቀረጥ እጅግ ያነሰ ስለ ነበር፣ ጋቢናውን ለብቻው በመርከብ እየላኩ ካሶኒውን እዚህ ይገጥሙ ነበር። ቀዳዳው እ.ኤ.አ. በ1980 እስኪደፈን ድረስ ብዙው የጃፓን ፒክአፕ ፊቱ የእስያ፣ ጀርባው የአሜሪካ ነበረ። የእኛው ውይይትም ፊቱ የባዕድ፣ ጀርባው የመርካቶ ነበረ። ሁለቱም ሕዝብ ጎዶሎ መኪና ተቀብሎ በገዛ እጁ ሞላው።

ካኖፒው የእንጨት አጥንት ያለው፣ ስስ አሉሚኒየም የለበሰ ነው። ሥራው ቀላል ቢመስልም ትዕግሥት ይፈልጋል። መጀመሪያ የጠርዙ ቪቴ ሁሉ በካቻቢቴ ይፈታል፤ የዛገው በፒንሳ ይነቀላል። ቆዳው ሲገፈፍ እውነቱ ይወጣል፤ አራቱ ማዕዘኖች ላይ ያለው እንጨት በጣት ሲነኩት እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። የበሰበሰው ሞራሌ ወጥቶ በልኩ የተቆረጠ አዲስ ይገባል፤ የውስጡ ኮምፔንሳቶ ይለወጣል፤ በመጋጠሚያው ላይ ቡቲል የተባለው የሚለጠፍ ጎማ ይዘረጋል፤ ከዚያ ቆዳው ይመለሳል። በመጨረሻ ካኖፒው ከካሶኒው ከንፈር ጋር በሚገናኝበት ዙሪያውን ጎማ ይነጠፍና በማጥበቂያ ይታሰራል።

እነዚህን ስሞች ስጽፍ አንድ ነገር ልብ እላለሁ። ቪቴ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞራሌ፣ ኮምፔንሳቶ፣ ላሜራ፣ ካሶኒ፣ ጎሚስታ፣ ባትላሜራ፤ ሁሉም ጣሊያንኛ ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን የወረረው ጠላት መንገድ ሲጠርግና ካሚዮን ሲነዳ፣ ከወጣም በኋላ የቀሩት ጣሊያኖች ጋራዥ ከፍተው ሲሠሩ፣ ረዳት ሆኖ ከአጠገባቸው የቆመው የሀገራችን ልጅ ሙያውን ከነስሙ ወሰደው። ሶማሌ ተራና ምናለሽ ተራ የደረሰ ሰው ይህን ያውቃል። ጠላት ሄደ፤ መፍቻው ቀረ። በዚያም መፍቻ የእኛን ታክሲ ሠራንበት፤ ዛሬም በሲታክ ስንጠራው ሳናስበው በእነዚያው ቃላት ነው።

እንጨቱን ያበሰበሰው ዝናም ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር አለ። ሲያትል በዝናሟ የታወቀች ብትሆንም፣ በሲታክ በዓመት የሚወርደው ዝናም አንድ ሺህ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ከዚህ ይበልጣል። ልዩነቱ በአወራረዱ ነው። የእኛ ክረምት በሐምሌና በነሐሴ ነጎድጓዱን አሰምቶ፣ ጎርፉን አውርዶ፣ ለመስከረም ፀሐይ ቦታውን ይለቃል። የዚህኛው ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ጸደይ ድረስ ያለ ድምፅ ያካፋል። ጣሪያን የሚያበሰብሰው ዶፉ አይደለም፤ ዶፍ ይታያል፣ ሰውም ይጠነቀቅለታል። የሚያበሰብሰው በማይታይ ስንጥቅ ገብቶ የሚያድረው ካፊያ ነው። ስደትም፣ ዝምታም፣ እንዲሁ ይመስሉኛል።

ስማቸውን የማልጠቅሰው የመኪናው ባለቤት በአዲስ አበባ የውይይት ነጂ ነበሩ። በሱዳን በኩል ወጥተው፣ እዚህም ብዙ ዓመት ታክሲ ነድተዋል። እንጨቱን ይዘው እኔ ስመታ አንድ ቀን እንዲህ አሉኝ፦

«አንተ ልጅ፣ በዚያ ዓመት ከኋላዬ ምን እንደምሰማ ታውቃለህ?»

«ምን ይሰሙ ነበር ጋሼ?»

«ወራጅ አለ። ይኸው ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ሌላ ቃል አልሰማም። ሰው ከሰው ጋር ጉልበቱ እየተነካካ ዓይኑን እግሩ ላይ ተክሎ ነበር የሚሄደው። የተሳፈረው ሁሉ የተሳፈረውን ሁሉ ይፈራ ነበር።»

ይህን ለአርባ ዓመት ያህል ለማንም አልተናገሩትም ነበር። ለምን እንዳልተናገሩ ስጠይቃቸው፣ «ማን ጠየቀኝ?» አሉኝ። ስለዚያ ዘመን የፓርቲ መሪዎች ጽፈዋል፤ የቀድሞ ባለሥልጣናት ጽፈዋል፤ እስረኞችም ጽፈዋል፤ ሁሉም በጎ አድርገዋል። በመስተዋቱ ከተማዋን ሲያይ የኖረውን ሰው ግን የጠየቀው የለም።

ካኖፒው የሚታደሰው ለዓሣ ማጥመጃ ጉዞ ቢሆን ደስ ባለኝ። ሲታክ እ.ኤ.አ. በ2013 በሕዝበ ውሳኔ የሰዓት ደመወዝን ወደ 15 ዶላር ከፍ ስታደርግ፣ ድሉ የተገኘው በ77 ድምፅ ልዩነት ብቻ ነበር፤ በአውሮፕላን ማረፊያው ዙሪያ ከሚሠሩት መካከል ብዙ ወገኖቻችን አሉና ያን ቀን በደስታ አስታውሰዋለሁ። የቤት ኪራዩ ግን ደመወዙን ጥሎት ሮጠ። እኒህ አባት የሚኖሩበትን ክፍል በዚህ ዓመት ይለቃሉ። ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው፤ የሰው ቤት መክበድን አይወዱም። እኛ ዘንድ እንዲገቡ ለምነናቸው ነበር፤ «ከመኪና ሌላ የማውቀው ቤት የለም» ብለው ሳቁ። ሳቁ ግን አላሳቀኝም።

በሕግ ረገድ ብቻቸውን አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2016 የሲያትል ከተማ አንድ ሠራተኛ የሚኖርበትን ፒክአፕ አስጎትታ ወስዳ ነበር፤ ነገሩ እስከ ዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 ሰው የሚኖርበት መኪና በሕግ ፊት መኖሪያ ቤት ነው ሲል ወሰነ፤ የተጣለበትም ክፍያ ከመጠን ያለፈ ቅጣት ነው አለ። በሀገራችን ግን በ1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ከአንድ የመኖሪያ ቤት በላይ ያለውን ሁሉ ወርሶ ነበር። አንዱ መንግሥት ቤትን ትርፍ ነው አለ፤ ሌላው ካሶኒን ቤት ነው አለ። ሁለቱንም በአንድ ዕድሜ ያዩ ሰው አጠገብ ቆሜ ሚስማር እመታለሁ።

ቃለ ምልልሳቸውን በካሴት መቅዳት ጀምሬአለሁ። አንባቢዬም በአጠገቡ ያሉትን ነጂ፣ ረዳት፣ ባትላሜራ፣ ጎሚስታ፣ እንጨቱ ጨርሶ ሳይበሰብስ እንዲጠይቅ እለምናለሁ፤ እነዚህ ሰዎች መጽሐፍ አይጽፉም፣ ከጠየቋቸው ግን ቀኑን ከነሰዓቱ ይናገራሉ።

ባለፈው ቅዳሜ የውስጡን አለካን። በቀኝ በኩል የሚተኙበት አልጋ ይገባል። በግራ በኩል ለልብስና ለዕቃ ሣጥን ልሠራ ነበር ያሰብሁት። እሳቸው በሜትሩ ላይ እጃቸውን ጭነው አስቆሙኝ።

«እዚህ አግዳሚ አድርግልኝ» አሉ። «ሰው ሲመጣ ፊት ለፊት ይቀመጥ።»