የተሰረዘ ዕዳ፦ ከጎጃም 1960 እስከ ሚያዝያ 2012

ሚያዝያ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት በወረርሽኙ ለተጎዳው ኢኮኖሚ መደገፊያ ያላቸውን ርምጃዎች ይፋ አደረገ። ከእነዚህ አንዱ የግብር ዕዳ ስረዛ ነበር። እስከ 2007 ዓ.ም. ድረስ የተጠራቀመው ውዝፍ ግብር ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ፤ ከ2008 እስከ 2011 ላለው ውዝፍ ደግሞ ፍሬ ግብሩን ለሚከፍሉ ወለድና ቅጣቱ እንዲነሣላቸው ተወሰነ። ብዙዎቻችን ዜናውን እንደ ወረርሽኝ ዜና አንብበን አለፍነው። እኔ ግን አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ወረርሽኙ የመጣው በ2012 ነው፤ የተሰረዘው ዕዳ ግን ከአምስት ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ነው። ያ ዕዳ ቫይረሱ ከመከሰቱ በፊትም የማይሰበሰብ ነበር ማለት ነው። ታዲያ አንድ መንግሥት ሊሰበስበው የማይችለውን ዕዳ ለምን በመዝገብ ይዞ ይኖራል? መጀመሪያውኑስ እንዴት ተጻፈ?

መልሱን ለማግኘት ግማሽ ምዕተ ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ መንግሥት ውዝፍ ግብር በይፋ ሲሰርዝ ያ የመጀመሪያው አልነበረም። በ1960ው የጎጃም ዐመፅ ማብቂያ ላይም ተመሳሳይ ውሳኔ ተላልፏል። ሁለቱ ስረዛዎች በዘመንም በሥርዓተ መንግሥትም ይራራቃሉ፤ የሚጋሩት መነሻ ግን አለ። (ዓመታቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።)

ነገሩ ከቃሉ ይጀምራል። በአማርኛ «ግብር» ሁለት ፊት ያለው ቃል ነው። ገባሩ ለጌታው የሚያገባውም ግብር ነው፤ ንጉሡ ወይም መኳንንቱ ለሠራዊታቸው የሚያበሉት ድግስም ግብር ነው። የገባው እህል፣ ማርና ሰንጋ ተመልሶ በአዳራሽ ይበላ ነበር። ይህ ሥርዓት ፍትሐዊ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ገበሬው የአዳራሹ ታዳሚ ብዙም አልነበረም። ነገር ግን የሚከፈለው ነገር የሚታይ፣ መጠኑም በልማድ የሚታወቅ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ አሥራትን ሲደነግጉ ዓላማቸው ወታደሩ በገበሬው ቤት እየተመራ የሚያደርሰውን ዘረፋ በታወቀ መጠን መተካት ነበር። ከዐሥር አንድ እጅ ማለት ማንም ገበሬ በአውድማው ላይ ቆሞ ሊያሰላው የሚችል ሒሳብ ነው።

ከጣልያን ወረራ በኋላ የተመለሰው መንግሥት ግብርን በገንዘብ መሰብሰብ ፈለገ። በ1936 የወጣው አዋጅ ቁጥር 60 የግለሰብና የንግድ ገቢን ግብር አቋቋመ፤ በ1937 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 70 የመሬት ግብርን ደነገገ። መሬቱ ለም፣ ለም-ጠፍና ጠፍ ተብሎ በሦስት ተከፈለ። በተለካ መሬት ላይ አሥራትን ጨምሮ የተጣለው በአንድ ጋሻ 50፣ 40 እና 15 ብር ነበር። ይህ ተመን ግን በጎጃም፣ በቤጌምድርና በትግራይ ላይ አልዋለም። እነዚህ ጠቅላይ ግዛቶች ከወረራው በፊት ይከፍሉት የነበረውን ጥቅል ግብር መሠረት አድርገው እንዲቀጥሉ ተፈቀደላቸው። በተለይ በጎጃም አዲሱ ግብር ገና ከመታወጁ ተቃውሞ ገጥሞት ስለ ነበር መንግሥት ማፈግፈግን መርጧል።

ይህ ልዩ ፈቃድ ለዐመፁ ታሪክ ቁልፍ ነው። በጎጃም ርስት ማለት አንድ ሰው በካርታ ይዞ የሚሸጠው መሬት አልነበረም። ከአንድ ዋና አባት የሚወለዱ ሁሉ፣ በአባትም በእናትም እየቆጠሩ፣ የሚጠይቁትና የሚካፈሉት መብት ነበር። የአንድ ገበሬ ይዞታ በተለያዩ ቦታዎች ተበታትኖ ይገኛል፤ በክርክርና በውርስም ይሰፋል፣ ይጠባል። ጥቅሉ ግብር በአገሩ ላይ ይወድቃል፤ ማን ምን ያህል ያዋጣ የሚለውን የሚያከፋፍሉት ግን ሽማግሌዎቹና ጭቃ ሹሙ ነበሩ። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ስናስቀምጠው፣ ዕዳው የጋራ ነበር፤ ስለ እያንዳንዱ ሰው አቅም መረጃ ያላቸውም ዕዳውን የሚያከፋፍሉት ሰዎች ራሳቸው ነበሩ። መንግሥት ያገኝ የነበረው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ይህም ለሥርዓቱ ትልቁ ድክመት ነበር። በደቡብ ያለው ጭሰኛ፣ ባለመሬቱ ግብሩን ወደ እርሱ እያሸጋገረበት፣ ከጎጃም ባለርስት የከበደ ሸክም ይሸከም ነበር።

መንግሥት ይህን አለመመጣጠን ለማረም በ1960 መጀመሪያ አዋጅ ቁጥር 255ን አወጣ። አሥራትን አስቀርቶ በእርሻ ገቢ ላይ የተመሠረተ፣ ገቢ ሲጨምር የሚጨምር ግብር ተከለ። በወረቀት ላይ ለሚያነበው የዘመናዊ ግብር ትምህርት የሚፈልገውን ሁሉ የያዘ ነው፤ ባለብዙ ገቢው ብዙ ይክፈል፣ ድኻው ጥቂት። እኔም በተማሪነቴ ሳነበው ከዘመኑ የቀደመ ሕግ ነው ብዬ ነበር። ዛሬ ሳነበው ግን ዓይኔ የሚያርፈው በሌላ ጥያቄ ላይ ነው፤ የገበሬውን ገቢ የሚያውቀው ማን ነው? መዝገብ የለም፣ ደረሰኝ የለም፣ መሬቱ አልተለካም። የቀረው መንገድ ግምት ብቻ ነበር። ገማች ኮሚቴዎች ወደ ቀበሌው ወርደው የእያንዳንዱን ገበሬ እርሻ አይተው ገቢውን ሊወስኑ ነው።

የጎጃም ገበሬ ይህን ጉዳይ ከብሩ መጠን አስቀድሞ ያየው በርስቱ በኩል ነበር። ገማቹ እርሻውን ካየ ነገ ለኪው ይመጣል፤ ለኪው ከመጣ መሬቱ በስም ይጻፋል፤ በስም ከተጻፈ ርስቱ ይፈርሳል፣ ባለርስቱም እንደ ደቡቡ ገባር ይሆናል። ይህ ስጋት ከንቱ አሉባልታ አልነበረም፤ የመሬት ልኬት በሌላው አገር ምን እንዳስከተለ ሰው ያውቅ ነበር። ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ በሕዝቡ ዘንድ ያልተወደዱ መሆናቸው ደግሞ በእሳቱ ላይ ነዳጅ ጨመረ። ገማቾቹ ተባረሩ። በሞጣ፣ በዳሞትና በብቸና ገበሬው መሣሪያውን ይዞ ተነሣ። አቤቱታ የያዙ ሽማግሌዎችም ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ተላኩ። የብዙዎቹ ጥያቄ ዘውዱ ይውረድ የሚል አልነበረም፤ ግምቱ ይቅር፣ ገዥው ይነሣ የሚል ነበር። መንግሥት በመጀመሪያ በጦርና በአየር ኃይል መለሰ፤ መንደሮች በቦምብ ተደበደቡ። በኋላ ግን ገዥው ከጎጃም ተነሡ፣ ሠራዊቱም ተመለሰ። የተጠራቀመው ውዝፍ ግብር ተሰረዘ፤ አዲሱን ግብር በጎጃም በኃይል የማስፈጸም ሐሳብም ተተወ።

ስለዚህ ዐመፅ ያጠኑት ታሪክ ጸሐፊዎች፣ ከእነርሱም ገብሩ ታረቀ፣ የገበሬውን ጽናትና የሥርዓቱን ድካም በሚገባ አሳይተዋል። እኔ ልጨምር የምፈልገው ከሒሳብ መዝገቡ በኩል የሚታየውን ነው። መንግሥት በጎጃም የተሸነፈው ገንዘቡን ለመሰብሰብ ሲሞክር አይደለም፤ ከዚያ በፊት፣ ዕዳው በተጻፈበት ጊዜ ነው። ከፋዩ ሊያየው፣ ሊፈትሸውና ሊከራከረው በማይችለው ስሌት የተጻፈ ዕዳ በአንድ ወገን ብቻ የሚታወቅ ዕዳ ነው። እንዲህ ያለው ዕዳ ደግሞ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ወይ ኃይል ነው ወይ ምሕረት፤ በጎጃም ሁለቱም ተከታትለው መጡ።

ከዚያ ወዲህ መሬት ተወርሷል፣ መንግሥታት ተለውጠዋል። ግምቱ ግን ከገበሬው ወደ ከተማው ነጋዴ ተሻግሮ ቀጥሏል። በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ500,000 ብር በታች የሆኑትን ግለሰብ ነጋዴዎች በደረጃ «ሐ» መደባቸው። እነዚህ ነጋዴዎች የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አልነበረባቸውም፤ ግብራቸው የሚሰላው በቁርጥ ነበር። ቁርጡ ግን የቀን ሽያጫቸውን መነሻ ያደርግ ነበር፣ የቀን ሽያጩን ደግሞ የመንግሥት ሠራተኞች በየሱቁ እየዞሩ ገመቱ። በሐምሌ 2009 ውጤቱ ሲገለጽ አምቦና ወሊሶን በመሳሰሉ ከተሞች ሱቆች ተዘጉ፤ በአዲስ አበባም ቅሬታ አቅራቢው በየወረዳው ተሰለፈ። የጀበና ቡና የምትሸጥ ሴትና የሰፈር ባለሱቅ የጠየቁት የሞጣ ገበሬ ከጠየቀው ብዙም አይለይም፤ «ይህን ቁጥር ከየት አመጣችሁት?»

ልዩነቱ ግልጽ የሚሆነው ደመወዝተኛውን ከጎኑ ስናቆመው ነው። የተቀጣሪው ግብር ገና ደመወዙ እጁ ሳይገባ በአሠሪው ተቀንሶ ይከፈላል። ብዙ ይቆረጥብኝ ይሆናል፣ ይማረራልም፤ ውዝፍ ግን የለበትም። ውዝፍ የሚጠራቀመው ገቢው በሌላ ሰው በሚገመተው ወይም ራሱ አስልቶ በሚያሳውቀው ሰው ላይ ነው። ከእናንተ መካከል በዋሽንግተን ወይም በሲያትል በራሳችሁ መኪና የምትሠሩ ይህን ልዩነት ታውቁታላችሁ። በቅጥር ስትሠሩ ያልነበረ የግብር ዕዳ፣ በግል መሥራት በጀመራችሁበት ዓመት ድንገት ብቅ ይላል፤ የሚቀንስላችሁ አሠሪ ስለሌለ ግምታዊውን ግብር በዓመት አራት ጊዜ ራሳችሁ መክፈል አለባችሁ። ነገር ግን እዚያ ስሌቱ የሚጀምረው ከራሳችሁ ነው። ማስታወቂያው ሲደርሳችሁ ቁጥሩ ከየት እንደ መጣ መጠየቅ፣ በክፍያ ዕቅድ መስማማትም ትችላላችሁ።

የኢትዮጵያ ሕግም በወረቀት ላይ ከዚህ የራቀ አይደለም። የግብር አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 በውሳኔው ያልተስማማ ከፋይ በ21 ቀናት ውስጥ ቅሬታ እንዲያቀርብ፣ ከዚያም ወደ ይግባኝ ኮሚሽን እንዲሄድ ይፈቅዳል። ክፍያን በጊዜ ከፋፍሎ መክፈልም ይቻላል። ችግሩ የበሩ ዋጋ ነው፤ ወደ ኮሚሽኑ ለመድረስ ከተከራከሩበት ግብር 50 በመቶውን አስቀድሞ መክፈል ያስፈልጋል። በዚህ መካከል የዘገየ ግብር በመጀመሪያው ወር 5 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ በየወሩ 2 በመቶ ቅጣት ይጨመርበታል። 20,000 ብር የተገመተበት አንድ ነጋዴ ቢኖር፣ በዓመቱ መጨረሻ ቅጣቱ ብቻ 5,400 ብር ይሆናል፤ ወለዱ ለብቻው ነው። ግምቱ ሙሉ በሙሉ የተሳሳተ ቢሆን እንኳ ይህን ለማስረዳት 10,000 ብር ይዞ መቅረብ አለበት። ያን ያህል ገንዘብ የሌለው ሰው አይከራከርም። ሱቁን ይዘጋል፣ ፈቃዱን ሳይመልስ ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳል፤ ዕዳው ግን በመዝገቡ ላይ እያደገ ይኖራል። የ2012ቱ ስረዛ ካጸዳቸው ገጾች መካከል እንዲህ ያሉት ጥቂት አይሆኑም ብዬ አምናለሁ።

ስረዛው መጥፎ ነበር ማለቴ አይደለም። የማይሰበሰብ ዕዳን ማንሣት ነጋዴውን ወደ ሕጋዊው መንገድ ይመልሳል፤ ግብር ሰብሳቢውንም ከባዶ ቁጥር ያወጣዋል። ግን ሁለት ዋጋዎች አሉት። አንደኛው የሚከፈለው በሰዓቱ ሁሉን ከፍሎ በጨረሰው ሰው ነው። ከፍሎ ሲያበቃ ያልከፈለው ሲማርለት ያየ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ምን እንደሚያስብ ለመገመት ዶክትሬት አያስፈልግም። በ1960 ጎጃም ሲማር በልኬት የሚከፍሉት የሌሎች ጠቅላይ ግዛቶች ገበሬዎች የመክፈል ግዴታቸው ቀጥሏል፤ ምሕረቱ የደረሰው መሣሪያ ለያዘው እንጂ ይበልጥ ለተጫነበት አልነበረም። ሁለተኛው ዋጋ፣ ስረዛው ያለፈውን ቁጥር ሲያጠፋ ቁጥሩን የወለደውን አሠራር ሳይነካው መቅረቱ ነው። ከጎጃም ዐመፅ በኋላ የተተወው ማስፈጸሙ ነበር እንጂ ስለ ገበሬው ገቢ እንዴት እንወቅ የሚለው ጥያቄ አልተመለሰም።

ስለዚህ ስለ ግብር ማሻሻያ በምንወያይበት ጊዜ ክርክሩ በተመኑ ብቻ እንዳይወሰን እጠይቃለሁ። ተመኑ 30 ይሁን 35 የሚለው አስፈላጊ ነው፤ ከእርሱ በፊት ግን እያንዳንዱ ከፋይ በእጁ ሊኖረው የሚገባ አንድ ወረቀት አለ። የቀን ሽያጭህን ይህን ያህል ያልነው በዚህና በዚህ ምክንያት ነው፣ ካልተስማማህ ለእነዚህ ሰዎች አመልክት፣ ለማመልከት የምትከፍለው የለም የሚል፣ ነጋዴው በሚያነበው ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት። ለአነስተኛ ከፋዮች የ50 በመቶው ቅድመ ክፍያ ቢነሣ መንግሥት የሚያጣው ገንዘብ፣ በየዐሥርና በየሃምሳ ዓመቱ ከሚሰርዘው ያነሰ እንደሚሆን እገምታለሁ። ይህም ግምት ነው፤ ነገር ግን ስሌቱን ለመፈተሽ የሚያስፈልገው መዝገብ በገቢ መሥሪያ ቤቱ እጅ አለ። የ2012ቱ ስረዛ ስንት ከፋዮችን ነካ፣ ከዕዳው ስንቱ ፍሬ ግብር ስንቱ ቅጣት ነበር፣ ስንቱስ በግምት የተጻፈ ነበር የሚለውን ለሕዝብ ቢገልጥ ውይይታችን ከዚያ ሊጀምር ይችላል።