ጥለት ነው ወይስ ጥልፍ?

ሰሞኑን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ለመልሷ የገዛችውን ቀሚስ ፎቶ ላከችልኝ። «ቲቸር፣ ጥልፉ እንዴት ነው?» ትላለች። የታሪክ አስተማሪ «ያምራል» ብሎ አያልፍማ! የኔ ልጅ፣ ይሄ ጥለት እንጂ ጥልፍ አይደለም አልኳት።

ብዙዎቻችን እናምታታዋለን። ጥልፍ ተሠርቶ ባለቀ ጨርቅ ላይ በመርፌ የሚሠራ ነው። ጥለት ግን ከጨርቁ ጋር አብሮ ይወለዳል። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ፣ ድሩን በጣቱ እየቆጠረ ባለቀለሙን ክር መስመር በመስመር ያስገባዋል።

ታዲያ «ከጥንት ጀምሮ ያልተነካ» ሲባል ፈገግ እላለሁ። ባለቀለም ክር እንደልብ በማይገኝበት ዘመን ሸማኔዎቻችን ምን ያደርጉ ነበር መሰላችሁ? ከህንድ የመጣ ቀይና ሰማያዊ ጨርቅ ይገዙና ክር በክር ይተረትሩታል። ከዚያ ያንኑ ክር በነጩ ሸማ ጠርዝ ላይ መልሰው ይሸምኑታል። የውጭ መንገደኞች ይህንን ጽፈውታል። ከዚህ በላይ ፈጠራ ከየት ይመጣል?

ጥልፉም እንደዚሁ ነው። የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ (ጥሩነሽ) ነው የሚባል ቀሚስ ዛሬ ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰደ ነው። ጨርቁ ጥጥ፣ ጥልፉ ሐር ነው፤ ሐር ደግሞ ያኔ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ሸቀጥ ነበር። እቴጌይቱ በዚያው ዓመት ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲጓዙ መንገድ ላይ አረፉ። ቀሚሱ ባሕር ተሻገረ።

የሚያመኝ ግን ሌላ ነው። ልብሱን እየወደድን ሠሪውን ስንንቅ ኖርን። «ሸማኔ» ስድብ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ሁሉንም አላዳነም፤ እኔ ራሴ ሳስተምር አባቱ ሸማኔ መሆኑን ከጓደኞቹ የሚደብቅ ልጅ ነበረኝ። ከጋሞ ደጋ የመጣው የዶርዜ ሸማኔ ባይኖር ሽሮ ሜዳ ምን ይሸጥ ነበር?

አሁን ደግሞ ጥለት የሚመስል ነገር ፋብሪካ ውስጥ በቀለም ታትሞ ይመጣል። እኔ አዲስ ነገር አልጠላም። ያ የሰው ጨርቅ ተርትሮ ጥለት ያወጣ ሸማኔ ከማናችንም በላይ አዲስ ነገር ወዳድ ነበር። ግን ያኔ ንድፉም እጁም ክፍያውም የእሱ ነበር። የታተመው ላይ ንድፉ ብቻ ተወስዶ ሰውየው ቀርቷል።

ለመለየት ከባድ አይደለም፤ ጨርቁን ገልብጡት። በተሸመነ ጥለት ጀርባ ላይም ክሩ ይታያል። በታተመው ግን ቀለሙ ፊት ለፊት ብቻ ነው፤ ጀርባው የደበዘዘ ወይም ባዶ ነው።

ይህንንም ለተማሪዬ ጻፍኩላት። ትንሽ ቆይታ መለሰች፦ «ቲቸር፣ ገለበጥኩት። ጀርባው ነጭ ነው።»

ለካ እኔም ተሳስቼ ኖሯል። ጥልፍም ጥለትም አልነበረም።