ሹመት ይበላል፣ አደራ ግን አይበላም

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል።» ይህችን ተረት የማያውቅ የለም። ጠፋ የተባለ ፋይል ጥቂት ብር ሲያይ ብቅ ባለ ቁጥር፣ የጨረታው አሸናፊ ጨረታው ሳይወጣ በታወቀ ቁጥር አንዱ ይወረውራታል። ወዲያው ክርክሩ ያልቃል። በቃ ባህላችን ነው፣ ምን ይደረግ! እኔ ግን ተረቷ ስለ ባህል ከምትነግረን ይልቅ ስለ ደሞዝ የምትነግረን ይበልጣል ባይ ነኝ።

ለብዙ መቶ ዓመታት የኢትዮጵያ ሹም ደሞዝ አልነበረውም። ንጉሡ ለአገልግሎቱ የሚከፍለው ጉልት ነበር፤ ይኸውም ከአንድ አገር መሬት ላይ ግብር የመሰብሰብ መብት ነው። በሰሜኑ ርስቱ የገበሬው ሆኖ ሳለ ጉልተኛው ከምርቱ ድርሻውን ይወስዳል፣ ሁዳዱን ያሳርሳል፣ በዓል ሲመጣ ማሩንና ሙክቱን ይቀበላል። በደቡብ ከአፄ ምኒልክ ዘመቻዎች በኋላ ነገሩ የባሰ ነበር። እዚያ ገባሩ ራሱ ለወታደሩና ለሹሙ እንደየማዕረጋቸው ይደለደል ነበር፤ በደሞዝ ፈንታ ሰው ማለት ነው። እንግዲህ በዚህ ሥርዓት ውስጥ መብላት የሥራ ውሉ ነው። ሹሙ ካልበላ በምን ይኖራል?

እንዲያውም ከተረቷ ውስጥ እኔን የሚይዘኝ «ሲሻር» የሚለው ቃል ነው። ሹም ሽር የነገሥታቱ ዋና መግዣ ነበር። ዛሬ ደጃዝማች ተብሎ አገር የተሰጠው ሰው ነገ ተነሥቶ ቤተ መንግሥት ደጅ ሊጠና ይችላል። ጡረታ የለ፣ ካሳ የለ። በሹመቱ ወራት ያልሰበሰበ ሰው እውነትም ይቆጨዋል።

ሌላም አለ። እስቲ «ግብር» የሚለውን ቃል እዩት። ገበሬው ለሹሙ የሚከፍለውም ግብር ነው፤ ሹሙ አዳራሹን ከፍቶ የሚያበላው ድግስም ግብር ነው። አፄ ምኒልክ በአዲስ አበባው ቤተ መንግሥት በሺህ የሚቆጠር ሰው በየተራ እያስገቡ ሥጋና ጠጅ ያበሉ ያጠጡ የነበረው ለጨዋታ ብቻ አልነበረም። የበላ ማብላት ነበረበት። የማያበላ ሹም ንፉግ ይባላል፣ ተከታይም ያጣል። የጥሩ ሹም መለኪያ ለማን አካፈለ የሚለው ነበር፤ ከየት አመጣው ብሎ የሚጠይቅ ብዙ አልነበረም።

ይህ መለኪያ ዛሬም በሕይወት አለ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ግዥ ክፍል የተቀጠረ ልጅ ላይ ዘመድ የሚጥለውን ዓይን አስቡት። የአጎቱን ልጅ ካላስቀጠረ «ተምሮ ረሳን» ይባላል። ይሉኝታው ቀላል አይደለም፤ እምቢ የሚለው እኮ ያሳደገውን፣ ደብተር የገዛለትን ሰው ነው። በመሥሪያ ቤቱ ሕግ አድልዎ የሚባለው ነገር በቤቱ ሕግ ውለታ መመለስ ነው። ልጁን «ሥነ ምግባር የለውም» ብሎ ማለፍ ይቻላል። የልጁ ጭንቅ ግን ሁለት ሥነ ምግባር ስላለው የመጣ ነው።

ታዲያ ይኸው አማርኛ «አደራ በላ» የሚል ቃልም አለው። ከዚህ የከፋ ስድብ ስንት አለ? ጎረቤት ሩቅ አገር ሲሄድ የተወለትን ከብት፣ ሟች «ለልጆቼ» ብሎ የሰጠውን ገንዘብ የበላ ሰው፣ ስሙ ለልጅ ልጆቹ ይተርፋል። ግሡ ያው «በላ» ነው። አንዱ መብላት የሚሳቅበት ተረት ሲሆን ሌላው ዘር የሚያሰድብ ነውር የሆነው ለምንድን ነው? መልሱ ያለው ባለቤቱ ማን ነው በሚለው ላይ ይመስለኛል። አደራ የሚሰጣችሁ እንደናንተው ያለ ሰው ነው፤ ነገ መልሶ ይጠይቃችኋል። ሹመት ግን ከላይ የወረደ የንጉሥ ስጦታ ነበር። ከታች የሚያርሰው ገበሬ እንደ አደራ ሰጪ ተቆጥሮ አያውቅም።

ይህን ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በደንብ አይተውት ነበር። ነጋድራስ ማለት የንግድና የጉምሩክ ኃላፊ ነው፤ ብር እንዴት እንደሚፈስና የት ላይ እንደሚተን ከቅርብ የሚታይበት ወንበር። «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፋቸው ካነሷቸው ማሻሻያዎች አንዱ የንጉሡ ሀብትና የመንግሥት ሀብት ይለይ የሚል ነው። ዛሬ ሲነበብ ተራ ነገር ይመስላል። በዚያን ጊዜ ግን የሹመትን ባለቤት መለወጥ ማለት ነበር። ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. በወጣትነታቸው ሞቱ፤ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የታተመው ከሞታቸው በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው።

ደሞዙ መጣ፣ ግን ቀስ እያለ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሾሙ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ የጠቅላይ ግዛት ገዥዎችን በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር የሚሠሩ ደሞዝተኞች አደረጋቸው። ጉልት በሕግ የቀረው ግን በ1958 ዓ.ም. ነው። ለ24 ዓመታት ደሞዝና ጉልት በአንድ አገር ጎን ለጎን ኖረዋል ማለት ነው። የብዙዎቻችን አያቶች ቢሮ መግባት የተማሩት በዚያ ጊዜ ነው፤ በግራ እጅ ፔሮል፣ በቀኝ እጅ ማር።

ከዚያ 1966 መጣ። መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ነበሩ። ባለሥልጣናቱ በሥልጣናቸው ምን እንደሠሩበት፣ በወሎ ረሃብ ጊዜም ምን እንዳደረጉ ይመረምር ነበር። በእኔ ዓይን ሹመት እንደ አደራ በይፋ የተጠየቀበት ትልቁ አጋጣሚ ይህ ነው። ምርመራው ሳያልቅ ግን ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። «ምን ተቀበልክ? ምን አደረግክበት?» ተብሎ ተጠይቆ፣ መልሱ ሳይሰማ ተጠያቂው ጠፋ። ከዚያ በኋላ ቢሮ የገባ ሰው ምን ተማረ? መፍራት ተምሯል። ሒሳብ ማስረዳትን መማሩን እጠራጠራለሁ።

በ1993 ዓ.ም. የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን ተቋቋመ። (በነገራችን ላይ ሙስና የግእዝ ቃል ነው፤ መጥፋት፣ መበስበስ ማለት ነው። ጉቦ የገበያ ቃል ሲሆን ሙስና ግን ትንሽ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ይመስላል።) በየቢሮው ግድግዳ ላይ 12ቱ የሥነ ምግባር መርሆዎች ተለጠፉ፤ ቅንነት፣ ታማኝነት፣ ግልጽነት፣ ተጠያቂነት እያለ ይቀጥላል። አንድም የሚነቀፍ ቃል የለባቸውም። ግን ጉዳይ ይዛችሁ ልትሄዱ ስትነሡ ቤተሰብ የሚጠይቃችሁ «እዚያ ሰው አላችሁ?» ብሎ ነው። ደጅ ጥናት ነው፣ በአዲስ ስም።

ያ ከመርሆዎቹ ሥር ተቀምጦ «ነገ ተመለሱ» የሚለው ሠራተኛ እሑድ የዕድር ገንዘብ ያዥ ሊሆን ይችላል። እዚያ ደረሰኝ ይቆርጣል፣ ሳንቲም ሳያጎድል ይቆጥራል፣ ወንበር ከተሰበረ ማን እንደሰበረው ይመዘግባል። የዕድር ገንዘብ አይበላም ማለቴ አይደለም፤ ተበልቶ ያውቃል። ግን ሲበላ «ሲሾም ያልበላ» ብሎ የሚስቅ የለም። ገንዘቡ የማን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ነገ የእያንዳንዱ ቤት ድንኳን ይተከልበታል።

ቢሮውም ቢሆን አደራን ጭራሽ አልረሳም። ገንዘብ ያዥ ወይም ንብረት ክፍል ስትቀጠሩ ዲግሪ ብቻ አይበቃም፤ ዋስ አምጡ ትባላላችሁ። ደሞዝተኛ የሆነ ዘመድ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አጽፎ ይመጣል፣ ይፈርማል። ወረቀቱ ማኅደራችሁ ውስጥ ይገባል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ካዝናው ቢጎድል ከእሱም ደሞዝ ሊቆረጥ ነው። ሲፈርም ታዲያ ቀና ብሎ «አደራ፣ እንዳታዋርደኝ» ይላል። ብዙ ጊዜ ያው «ልጄን አስቀጥርልኝ» የሚለው አጎት ነው።