ሳይረጥቡ መጥለቅ፦ ቫሳን ያወጣው ልብስ

ስለ ስዊድኗ የጦር መርከብ ስለ ቫሳ ሲወራ ሁለት ነገር ይነሣል። አንደኛው፣ ንጉሥ ጉስታቭ አዶልፍ ያሠራት ይህች ባለ 64 መድፍ መርከብ ኦገስት 10 ቀን 1628 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ከስቶክሆልም ወደብ ተነሥታ 1300 ሜትር ያህል እንደሄደች መስጠሟ ነው። ሁለተኛው ከ333 ዓመት በኋላ ከነአካሏ መውጣቷ ነው። በመካከል ያለው ጥያቄ ግን ይዘለላል። 32 ሜትር ጥልቀት ባለው፣ ቀዝቃዛና ጨለማ በሆነ ውሃ ውስጥ ሰው እንዴት ሠራ?

የመጀመሪያዎቹ ጠላቂዎች የወረዱት በ1660ዎቹ ነው። አልብሬክት ፎን ትራይሌበን የተባለ ሰው ያሰማራቸው እነዚህ ሰዎች የቆዳ ልብስ ለብሰው፣ በደወል ቅርጽ የተሠራ ዕቃ ውስጥ ራሳቸውን አስገብተው፣ ከሥሩ በተንጠለጠለ የእርሳስ መቆሚያ ላይ ቆመው ይወርዱ ነበር። የሚተነፍሱት ደወሉ ውስጥ የታፈነውን አየር ብቻ ነው። ፍራንቼስኮ ኔግሪ የተባለ ጣሊያናዊ ቄስ በ1663 ሥራውን በዓይኑ አይቶ ጽፏል፤ ጠላቂው ታች የቆየው ሩብ ሰዓት ያህል ነበር። በዚህ አኳኋን ከ50 በላይ መድፎች መውጣታቸው ዛሬም ያስገርማል። መርከቧ ግን እዚያው ቀረች።

መርከቧን ለማንሣት ሰው ከሥሯ ተኝቶ መቆፈር ነበረበት። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዲን የተባሉ እንግሊዛውያን ወንድማማቾች ከላይ በፓምፕ አየር የሚገባበት የመዳብ ራስ ቁር ለውሃ ሥራ አዋሉ። ከቁሩ ጋር የሚለበሰው ጃኬት ግን ከወገብ በታች ክፍት ነበር። ጠላቂው ቀጥ ብሎ እስከቆመ ድረስ ደህና ነው፤ ካጎነበሰ ወይም ከወደቀ ውሃው እስከ አፉ ይደርሳል። በ1830ዎቹ ለንደን ይሠራ የነበረው ጀርመን ተወላጅ አውጉስት ዚበ ቁሩን ከአንገት እስከ እግር ከተዘጋ የጎማ ልብስ ጋር አገናኘው። ታሪክ ባለ ወርክሾፑን ዚበን አንግሦ ዲኖችን ወደ ዳር ገፍቷቸዋል፤ ያለ እነሱ ቁር ግን የሚዘጋ ነገር ባልነበረ።

ከ1957 ጀምሮ የስዊድን ባሕር ኃይል ጠላቂዎች ከቫሳ ሥር ስድስት ዋሻዎችን የቆፈሩት በዚሁ ዓይነት ልብስ ነው። ጭቃውን በኃይለኛ የውሃ ግፊት እየበረቀሱ በሆዳቸው ይሳባሉ። ከበላያቸው ሦስት መቶ ዓመት የተኛ እንጨትና መርከቧ ሚዛን እንድትጠብቅ የተጫነ ድንጋይ አለ። ከ1300 ጊዜ በላይ ተጠልቆ ከባድ አደጋ አልደረሰም።

ይህ በዕድል ብቻ የሚሆን አይደለም። የተዘጋ ልብስ የራሱን አደጋ ያመጣል። ሰው 10 ሜትር ሲወርድ በልብሱ ውስጥ ያለው አየር በግማሽ ይጨመቃል፤ ካልተጨመረበት ልብሱ ገላን ይቆነጥጣል። ሲወጣ ደግሞ አየሩ ይነፋል፤ ካልተለቀቀ ሰውየውን እንደ ፊኛ ወደ ላይ ይወረውረዋል። እግር ከራስ በላይ ከሆነ አየሩ ወደ እግር ይሸሻል፤ ከዚያ ወዲያ መገልበጥ አስቸጋሪ ነው። የሚያሞቀውም ልብሱ ሳይሆን ከሥር የሚለበሰው ሱፍና በውስጡ የተያዘው አየር ነው። ውሃ የሰውን ሙቀት ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ በፍጥነት ስለሚወስድ፣ አንዲት ቀዳዳ ሱፉን ካራሰች ሥራው አበቃ ማለት ነው።

ስለዚህ ዛሬ ድራይሱት የሚባለውን ልብስ የሚለብስ ሰው ከመጥለቁ ይልቅ በእንክብካቤው ይለፋል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከባሕር ሲወጣ በንጹሕ ውሃ ያጥበዋል፤ ከውጭም ከውስጥም በጥላ ያደርቀዋል። የአንገትና የእጅ አንጓ ጎማው በፀሐይና በቅባት ስለሚሰነጠቅ ታልክ ይነሰንስበታል። ዚፑን ሰም ይቀባዋል፤ ሲያጥፈውም እንዳይሰበር ይጠነቀቃል። ልብሱ የሚከዳው አብዛኛውን ጊዜ በሰፊው ጨርቅ ሳይሆን በእነዚህ መጋጠሚያዎች ነው።

ቫሳ ኤፕሪል 24 ቀን 1961 ከውሃ በላይ ታየች። በዚያው አገር፣ በጎተንበርግ፣ ፖሲዶን የተባለው ኩባንያ ዩኒሱት የተሰኘ ድራይሱት አወጣ፤ ጠላቂው ያለ ከባድ ቁርና ያለ ፓምፕ፣ ከጀርባው ከተሸከመው ጋን አየር እየጨመረበት የሚለብሰው ነው። የባሕር ኃይሉ ሰዎች ሥራ ግን መርከቧ በመውጣቷ አላለቀም። ከ1963 እስከ 1967 ወደዚያው ጭቃ እየተመለሱ፣ ከመርከቧ የተገነጠሉ ቅርጻ ቅርጾችን አንድ በአንድ ሲለቅሙ ቆዩ።