የእንስሳት ፎቢያ እና በመጋፈጥ የሚሰጠው ሕክምና

"እባብ ያየ በልጥ በረየ" ይላል የሀገራችን ሰው። አንድ ጊዜ ክፉኛ የደነገጠ ሰው ጉዳት የሌለውን ነገር ሳይቀር እንደሚሸሽ አባባሉ ይነግረናል። ሽሽቱ እየበረታ ሄዶ የዕለት ተዕለት ኑሮን ሲያውክ ግን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች "ፎቢያ" የሚሉት የጤና ችግር ይሆናል። ችግሩ ሕክምና አለው።

ፍርሃት እና ፎቢያ

ፍርሃት ሁሉ ሕመም አይደለም። ከማያውቁት ውሻ መጠንቀቅና ከእባብ መራቅ ሕይወትን ያድናል። ፎቢያ የሚባለው ፍርሃቱ ከእውነተኛው አደጋ ጋር ሳይመጣጠን ሲቀር፣ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ሲቆይ፣ ሥራን፣ ትምህርትን ወይም ማኅበራዊ ኑሮን ሲያሰናክል ነው። ውሻ እንዳያጋጥመው ከትምህርት ቤት የሚቀር ልጅ፣ ድመት አለ ብላ ከጎረቤት ቡና የምትቀር እናት፣ ላባ ማየት ስለሚያስጨንቃት የዶሮ እርባታን የምትተው ወጣት ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ።

የእንስሳት ፎቢያ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በልጅነት ነው። በእንስሳ መነከስ፣ ሌላ ሰው ሲደነግጥ ማየት ወይም አስፈሪ ወሬ መስማት መነሻ ሊሆን ይችላል። መነሻው የማይታወቅበት ጊዜም አለ።

ሽሽት ለምን አያድንም?

የፈራ ሰው ሲሸሽ ወዲያውኑ እፎይ ይላል። ይህ እፎይታ ግን "የዳንኩት ስለሸሸሁ ነው" የሚል ትምህርት ስለሚተው ፍርሃቱን ያጸናዋል። በመጋፈጥ የሚሰጠው ሕክምና ይህንን ሰንሰለት ይበጥሳል። ታካሚው ከሚፈራው እንስሳ ጋር በደኅና ቦታ፣ ደረጃ በደረጃ ሲገናኝ፣ ይደርስብኛል ያለው ጉዳት እንደማይደርስ በራሱ ዐይን ያረጋግጣል።

እ.ኤ.አ. በ1924 አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሜሪ ከቨር ጆንስ ጥንቸል ይፈራ የነበረውን ጴጥሮስ የተባለ ሕፃን ታሪክ አሳተመች። ሕፃኑ የሚወደውን ምግብ ሲመገብ፣ ጥንቸሏ በየጊዜው ጥቂት በጥቂት ትቀርበው ነበር። በመካከሉ ታሞ ሆስፒታል ቆይቶ ሲወጣ ትልቅ ውሻ ስላስደነገጠው ፍርሃቱ አገረሸ፤ ሕክምናው ሲቀጥል ግን በመጨረሻ ጥንቸሏን በእጁ እስከ መዳሰስ ደረሰ። በኋላም ስዊድናዊው ላርሽ ዮራን ኦስት በአንድ ቀጠሮ፣ እስከ ሦስት ሰዓት በሚዘልቅ ጊዜ የሚሰጥ ሕክምና አዘጋጀ፤ አሠራሩንም እ.ኤ.አ. በ1989 አሳተመ።

ሕክምናው እንዴት ይሰጣል?

በመጀመሪያ ታካሚውና ባለሙያው "የፍርሃት መሰላል" ያዘጋጃሉ። ውሻን ለሚፈራ ሰው የታችኛው እርከን የውሻ ሥዕል መመልከት ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ተንቀሳቃሽ ምስል ማየት፣ የታሰረ ውሻን ከሩቅ መመልከት፣ መቅረብ፣ በመጨረሻም መንካት ይመጣል። ታካሚው በየእርከኑ ፍርሃቱን ከ0 እስከ 100 ባለው ቁጥር ይገልጻል። ፍርሃቱ ጋብ እስኪል እዚያው ይቆያል እንጂ በጭንቀቱ ጫፍ ላይ አይሸሽም። ብዙ ጊዜ ባለሙያው አስቀድሞ ራሱ አድርጎ ያሳያል። ያለ ታካሚው ፈቃድ የሚደረግ ነገር የለም።

ለሕክምናው የሚመረጠው እንስሳ ጤናማ፣ የተከተበና ገራም መሆን አለበት። የተገኘው ለውጥ እንዲጸና ታካሚው በሌላ ቦታና ከሌሎች እንስሳት ጋር መለማመዱን መቀጠል ይኖርበታል።

ጥንቃቄ

የሕክምናው ዓላማ ጥንቃቄን ማስጣል አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ በሀገራችን ዛሬም ሰው ይገድላል። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ ለ15 ደቂቃ ያህል በውኃና በሳሙና አጥቦ፣ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። በሕክምናው ስም መርዛማ እባብን ወይም የዱር እንስሳን መንካትም አይገባም።

"ይልመደው" ብሎ የሚፈራውን እንስሳ በድንገት ሰው ላይ መወርወር ወይም በፍርሃቱ መሳቅ ሕክምና አይደለም፤ ፍርሃቱን ሊያባብሰው ይችላል። ሕፃናትን "ጅብ መጣልህ" እያሉ ማስተኛትም ቢቀር ይመረጣል። ወላጆች የልጃቸውን ፍርሃት ሳይንቁ፣ ሽሽቱንም ሳያበረታቱ፣ በትዕግሥት ጥቂት በጥቂት ሊያቀርቡት ይገባል። ፍርሃቱ ከትምህርትና ከሥራ የሚያስቀር ከሆነ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ተቋም ሄዶ ወደ አእምሮ ጤና ወይም ሥነ ልቦና ባለሙያ እንዲልኩ መጠየቅ ተገቢ ነው።