አንድ ስክሪን ለሦስት ጉዳይ፦ ከገዳሪፍ እስከ መተማ

ለኮምፒውተር ሥራ፣ ለጌምና ቴሌቪዥን ለማየት የሚበቃ አንድ ስክሪን ሲታሰብ ክርክሩ ወዲያው ወደ ኢንችና ወደ ፒክስል ይሄዳል፤ ሞኒተር ይሻላል ወይስ ቴሌቪዥን፣ ስንት ኸርዝ፣ የየትኛው አገር ሥሪት። ጥያቄው የዘመኑ ወጣት የፈጠረው ይመስላል። በሱዳኗ ገዳሪፍና ከዚያ ወዲህ እስከ ጋላባትና መተማ ዮሐንስ በተዘረጋው የድንበር አገር ያለፈውን ሰባ ዓመት ላጤነ ሰው ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። አንዱን ስክሪን ለብዙ ጉዳይ ማዋል እዚህ የቆየ ልማድ ነው፤ ለየጉዳዩ የየራሱ ስክሪን የነበረበት ዘመን አጭር ነበር፣ እሱም ብዙ ሳይቆይ አለፈ። ስክሪኑ አንድ ይሁን ወይስ ሦስት የሚለውን ሲወስኑ የኖሩት መብራቱና ምስሉ የሚመጣበት መንገድ ናቸው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከፊቱ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ነው። የምስል ጥራት ተራው የሚደርሰው ከነዚህ በኋላ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ገዳሪፍን ከተማ ያደረጓት ማሽላና ሰሊጥ ናቸው። ባቡሩ ከከሰላ ተነሥቶ የደረሰባት በ1928 ሲሆን በቀጣዩ ዓመት እስከ ሰናር ዘለቀ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ገደማ የእንግሊዝ አስተዳደር በገደምበሊያ የትራክተር እርሻ ሲጀምር የአካባቢው ሜዳ የሱዳን ጎተራ ወደ መሆን ተሸጋገረ። ከዚያ ወዲህ በየመከሩ በመተማ በኩል ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው ሠራተኛ፣ ከፖርት ሱዳን የሚመጣው ሸቀጥና የጨረታ ገበያው ነጋዴ ከተማዋን በየዓመቱ ይሞሏታል። ለስክሪን ታሪክ ይህ ትርፍ ወሬ አይደለም። ቋሚ ቤት የሌለውና ለጥቂት ወራት ብቻ የሚከርም ሰው የሚበዛበት አገር የግል ስክሪን የሚስፋፋበት አገር አይደለም፤ እንዲህ ያለው ተመልካች የሚሻው የደረሰበት ቦታ ተቀምጦ፣ ትንሽ ከፍሎ ወይም ሻይ አዝዞ የሚያየውን የጋራ ስክሪን ነው።

የመጀመሪያው የጋራ ስክሪን ሸራ ነበር። የሱዳን ፊልም ክፍል በ1949 ተቋቁሞ ተንቀሳቃሽ ሲኒማው በመኪና ወደ ክፍለ ሀገር ይወጣ ጀመር፤ በኋላ የሱዳን ሲኒማ አባት የተባለው ጋዳላ ጉባራ ሙያውን የጀመረው በዚሁ ዘመንና በዚሁ ሥራ ላይ ነው። በመኪናው ጄነሬተር መብራት ያገኘው ያ ሸራ የመንግሥት ዜናን፣ የጤናና የግብርና ትምህርትን፣ ከዚያም ሕዝቡ በትዕግሥት የሚጠብቀውን መዝናኛ በአንድ ምሽት ያሳይ ነበር። ለሥራ የሚሆነውንና ለጨዋታ የሚሆነውን በሁለት ሸራ መክፈል ያሰበ አልነበረም፤ መኪናው አንድ፣ ጄነሬተሩም አንድ ነውና። የሱዳን ከተሞች ሲኒማ ቤቶችም በአብዛኛው ጣሪያ የሌላቸው ግቢዎች ስለነበሩ ፊልም የሚታየው ከመሸ በኋላ ብቻ ነበር። ሰኔ 1989 ሥልጣን የያዘው ወታደራዊ መንግሥት የሰዓት እላፊ ሲያውጅ ሲኒማውን የመታው በዚሁ በኩል ነው። ፊልሙን ሳይከለክሉ ሌሊቱን መከልከል ይበቃ ነበር።

ቴሌቪዥን በኦምዱርማን የተጀመረው በ1960ዎቹ መግቢያ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ በ1964 ነው። ሁለቱም ለዓመታት የዋና ከተማ ነገር ሆነው ቆዩ፤ ክፍለ ሀገር ሲደርሱም የደረሱት በጋራ መመልከቻነት ነው። በኢትዮጵያ በደርግ ዘመን የቀበሌ አዳራሽ፣ በሱዳን ደግሞ የሰፈርና የመንደር ክበብ የዚህ ቤት ሆኑ። በሱዳን የመመልከቻ ክበብ የሚባለው ቤት እስካሁን አለ፤ ኳስም የህንድ ፊልምም የሚታየው በዚያው ግድግዳ ላይ ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ወደ ሳዑዲና ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የወጡ ሱዳናውያን ቴሌቪዥንና የቪዲዮ ማጫወቻ ይዘው ሲመለሱ ነገሩ ከክበብ ወደ ቤት መግባት ጀመረ። እዚህ ላይ ትንሽ የምትመስል የቴክኒክ ጉዳይ ትልቅ ሚና ነበራት። ሱዳንና ኢትዮጵያ ሁለቱም ፓል የተባለውን የቀለም ሥርዓት ሲከተሉ ሳዑዲና ግብፅ ያኔ ሴካም ይጠቀሙ ነበር። በመሆኑም ከጂዳ የሚመጣ ቴሌቪዥን አገር ቤት እንዲሠራ ከአንድ በላይ ሥርዓት ማንበብ ነበረበት፤ በገዳሪፍና በጎንደር መካከል የሚጓዝ ካሴት ግን በሁለቱም በኩል በአንድ ዓይነት መሣሪያ ይነበባል። በእነዚያ ዓመታት በጦርነትና በረሀብ ከኢትዮጵያ የተሰደደው ሕዝብ በገዳሪፍ ዙሪያ ሰፍሮ እንደነበር ስናስብ፣ በሁለቱ አገሮች መካከል ምስልን ያለ እንከን የሚያሻግር ሥርዓት መኖሩ ቀላል ነገር አልነበረም።

በዚያው ዘመን በሌላው ዓለም ኮምፒውተር ወደ ቤት የገባው በቴሌቪዥን በኩል ነው፤ ይህን ዛሬ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። የመጀመሪያው የቤት ጌም የሚባለው ማግናቮክስ ኦዲሴይ በ1972 ሲወጣ የሚሰካው ከቴሌቪዥን ጋር ነበር። በ1982 የወጡት ኮሞዶር 64 እና ዜድኤክስ ስፔክትረምም እንዲሁ በአንቴና መሰኪያው በኩል ይገቡ ነበር። በዐረቡ ዓለም የኩዌቱ ኩባንያ ዐረብኛ የሚጽፈውን ሳኽር ኮምፒውተር ሲያቀርብ የተከተለው ይህንኑ መንገድ ነው። ልጅ ቀን ፕሮግራም ይጽፍበታል፣ ከሰዓት ጌም ይጫወትበታል፣ ማታ አባት ዜና ሊያይበት ይነቅለዋል። ሦስቱ ጉዳዮች በአንድ ስክሪን ተጀመሩ ማለት ነው፤ መለያየቱ በኋላ የመጣ ነገር ነው።

መለያየቱ በቂ የቴክኒክ ምክንያት ነበረው የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። የፓል ቴሌቪዥን 625 መሥመር ያለው ሲሆን ምስሉን ግማሽ በግማሽ እያፈራረቀ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይስላል። ከሦስት ሜትር ርቆ ለተቀመጠ የፊልም ተመልካች ይህ ይበቃል፤ በአንድ ክንድ ርቀት ሆኖ ሰነድ ለሚያነብ ግን ዓይን የሚያደክም መንቀጥቀጥ ነው። ኮሞዶር 64 በአንድ መሥመር 40 ፊደል ብቻ ሲያሳይ ቢሮ የሚፈልገው 80 ነበር። በ1981 የወጣው የአይቢኤም ኮምፒውተር የራሱን ሞኒተር ያስከተለው፣ በ1987 የመጣው ቪጂኤም 640 በ480 ነጥብ ይዞ የቢሮ መለኪያ የሆነው ለዚህ ነው። ለእኛ ፊደል ጉዳዩ ከዚህም የጠነከረ ነበር። የላቲን ፊደል በስምንት በስምንት ነጥብ ሳጥን ውስጥ እንደምንም ይገባል፤ ጨ እና ጬን በዚያች ሳጥን ውስጥ ለይቶ ማንበብ ግን ጭንቅ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 መሆኑ ሲታከልበት፣ አማርኛ ጽሑፍ ከቴሌቪዥን ስክሪን ወደ ሞኒተር መሸሹ የሚያስገርም አይደለም። ይህን ክርክር እቀበላለሁ። የማልቀበለው ስክሪኖቹን ለዘላለም የለየ ምክንያት አድርጎ ማቅረቡን ነው። ምክንያቱ የጸናው ስክሪኑ ወፍራም የመስታወት ጠርሙስ እስከነበረ ድረስ ነው።

በድንበሩ አገር ደግሞ መለያየቱ የመጣው ዘግይቶና በሌላ መልክ ነው። በ1990ዎቹ ማብቂያና በ2000ዎቹ ስክሪኑ በሦስት ቤት ተከፈለ። ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት ካፌ፣ ጽሕፈት ቤትና ኮፒ ቤት ገባ። ቴሌቪዥኑ በቡና ቤትና በምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ዲሽ ተተክሎለት ዋለ። ጌሙ ደግሞ በጨዋታ እየተከፈለ ልጆች የሚወዳደሩበት ፕሌይስቴሽን ቤት ሆነ። በሱዳን በኩል የአሜሪካ ማዕቀብ ከ1997 እስከ 2017 ስለጸና ኮምፒውተርና ሶፍትዌር በቀጥታ የሚገዛ ዕቃ አልነበረም፤ በዚህ ላይ የኮምፒውተር ሥራ የወንዱ፣ የተማረውና የከፋዩ ቦታ ሆኖ ተለየ። ቴሌቪዥኑ ቤተሰብ ፊት የሚቀመጥ ነው፤ ከፊቱ ምን እንደሚታይ ትልልቆች ይወስናሉ። ፕሌይስቴሽን ቤት ግን ወላጅ የማይገባበት፣ መምህር የሚያማርርበት ቤት ነው። እንግዲህ ሦስቱን ስክሪኖች ያራራቃቸው የተቀማጮቹ ልዩነት እንጂ የነጥብ ብዛት ብቻ አልነበረም። ለዚህ ማስረጃው ቀላል ነው፦ በቡና ቤቱ ግድግዳና በፕሌይስቴሽን ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የነበረው ያው ባለ 21 ኢንች ቴሌቪዥን ነው።

ስክሪኖቹን መልሶ ያገናኛቸው የፋብሪካ ጉዳይ ነው። በ2000ዎቹ ማብቂያ ጠፍጣፋው ኤልሲዲ በዓለም ገበያ የጠርሙሱን ቴሌቪዥን አለፈ፤ የሞኒተር ሠሪዎችም ከ16 ለ10 ቅርጽ ወደ ቴሌቪዥኑ 16 ለ9 ዞሩ፤ ኤችዲኤምአይ ደግሞ ሪሲቨሩን፣ ፕሌይስቴሽኑንና ኮምፒውተሩን በአንድ ዓይነት መሰኪያ አስገባቸው። ከዚያ ወዲህ ሞኒተርና ቴሌቪዥን በውስጣቸው ወንድማማች ናቸው። የቀራቸው ልዩነት ቴሌቪዥኑ መቃኛና ድምፅ ማጉያ ያለው፣ ሞኒተሩ ደግሞ ፊደል ጠርቶ የሚታይበትና ለተጫዋች እጅ ቶሎ የሚታዘዝ መሆኑ ነው። በአካባቢው ግን ከኤችዲኤምአይ ይልቅ የሚበልጠው ዜና በታኅሣሥ 2013 የመጣው ነው። ከጎንደር ተነሥቶ በሸዲና በመተማ አልፎ ገዳሪፍ የሚገባው የ230 ኪሎ ቮልት መሥመር ያኔ በሁለቱ አገሮች መሪዎች ገዳሪፍ ላይ ተመረቀ፤ ኢትዮጵያም 100 ሜጋ ዋት ለሱዳን መሸጥ ጀመረች። ከሱዳን ሸቀጥ፣ ከኢትዮጵያ ሠራተኛና ቡና ሲሻገርበት በኖረው በር የስክሪኑ ሕይወት የሆነው መብራት ሲሻገር የመጀመሪያው ነበር።

ሁለተኛ ተቃውሞ አለ፦ አንድ ስክሪን ለሁሉ ማድረግ የድህነት ውጤት ነው፤ ምርጫ አድርጎ ማቅረብ ማሞካሸት ነው። በከፊል ትክክል ነው፤ ሁለት መግዛት የሚችል ሰው ሁለት ይገዛ ይሆናል። ነገር ግን የገዳሪፍ የሰሊጥ ነጋዴ ሁለት ስክሪን የሚያቅተው ሰው አይደለም፤ ከኩባንያ ጋር የሚጻጻፍበት፣ የዶላር ዋጋ የሚያይበትና ዜና የሚከታተልበት አንድ ስክሪን ግን ይበቃዋል። በኢትዮጵያ በኩልም የምርት ገበያው በ2008 ከተከፈተ በኋላ የሰሊጥን ዋጋ በገበያ ከተሞች በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ሲያወጣ ያደረገው ከዚህ የተለየ አልነበረም፤ የንግድ መረጃን ሁሉ ሰው በሚያልፍበት አደባባይ ሰቀለው። እጅ ማጠር ልማዱን ጀምሮት ይሆናል፤ ያቆየው ግን አብሮ ማየት ነው።

ሦስተኛውና ጠንካራው ተቃውሞ ስልክ ሁሉንም ዘግቶታል የሚለው ነው። ሥራውም፣ ጌሙም፣ ፊልሙም በእጅ ውስጥ ካለ ስለ ስክሪን ምርጫ መከራከር ያለፈበት ነገር ነው ይባላል። ያለፉት ጥቂት ዓመታት ይህን አስተሳሰብ ክፉኛ ፈትነውታል። በአማራ ክልል ከነሐሴ 2023 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ፤ በሱዳን ደግሞ ሚያዝያ 2023 የጀመረው ጦርነት በየካቲት 2024 አብዛኛውን የአገሪቱን ስልክና ኢንተርኔት አጠፋ። በጋላባትም በመተማም ያለ ሰው በአንድ ዘመን ዝም ያለ ስልክ ይዞ ቀረ። ያኔ ሥራ ላይ የቆየው ዲሹ ነው። ጦርነቱን ሸሽቶ ገዳሪፍ የገባው የካርቱምና የዋድ መዳኒ ሰው ስለ አገሩ ያወቀው በሳተላይት ቴሌቪዥን ነበር፤ የመንግሥቱ ጣቢያ የኦምዱርማን ሕንፃው ጦሩን በሚወጋው በፈጥኖ ደራሹ ኃይል ተይዞ ሳለ ከፖርት ሱዳን ያስተላልፍ ነበር። ስታርሊንክ በየገበያው ተተክሎ በሰዓት ሲሸጥም የድሮው ኢንተርኔት ካፌ ያለ ኮምፒውተር ተመለሰ፤ ተሰብስቦ፣ ከፍሎ፣ ተራ ጠብቆ።

ዲሹም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። የአማርኛ ቻናሎች ለዓመታት ይታዩ የነበረው ዐረቡ በሚያይበት በናይልሳት አቅጣጫ፣ በ7 ዲግሪ ምዕራብ ነበር፤ ስለዚህ አንድ ዲሽ ለሱዳናዊውም ለሐበሻውም ይበቃ ነበር። የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ኢትዮሳት ወደተባለው የ57 ዲግሪ ምሥራቅ መድረክ ከዞሩ ወዲህ በመተማ ሁለቱንም የሚፈልግ ቤት ሁለት ዲሽ መትከል አለበት፤ ልዩነቱ 64 ዲግሪ ስለሆነ አንዱ ዲሽ ሁለቱን አይይዝም። ስክሪኑ አንድ ሲሆን የሰማዩ መንገድ ተከፈለ።

ይህን ታሪክ ይዞ ወደ ሱቁ የሚገባ ሰው ለ43 ኢንች ቴሌቪዥን ቢጓጓ አይፈረድበትም፤ ለቡና ቤትና ለብዙ ተመልካች እሱ ነው የሚሻለው። ለቤትና ለአንድ ክፍል ግን የእኔ ፍርድ ባለ 24 ወይም ባለ 27 ኢንች ሞኒተር ላይ ነው። ፊደል ይነበብበታል፣ ፕሌይስቴሽን ይሰካበታል፣ የዲሹ ሪሲቨር ኤችዲኤምአይ ካለው ቴሌቪዥን ይሆናል። ድምፅ ለብቻ መግዛት ያስፈልጋል፤ ይህ ጉድለቱ ነው። በሌላ በኩል ብዙዎቹ ከውጭ አዳፕተር በሚመጣ 12 ወይም 19 ቮልት የሚሠሩና ከ30 ዋት ያልበለጠ የሚፈልጉ ስለሆኑ፣ የጎንደሩ መሥመር ሲቋረጥ ከጣሪያ ሶላርና ከአንድ ባትሪ ጋር ያመሻሉ። ከመክፈል በፊት አዳፕተሩን ገልብጦ ቮልቱን ማንበብ ነው።